ለአንድ ጠርሙስ ለስላሳ የፈረመ አውራ ጣት

ለክቡር አቶ መልካሙ ሞላ
የአካባቢያችን የሕዝብ ተወካይ
ባሉበት

ክቡር ሆይ፣ ከሁሉ አስቀድሞ እንደምን ከርመዋል? እርስዎ፣ ቤተሰብዎ፣ መኪናዎም ደኅና ናቸው? እኛ በጉና ግርጌ የምንኖረው የአስታ ውሃ ሰዎች ከጥማቱ በቀር ደኅና ነን፣ እግዚአብሔር ይመስገን።

ይህን የማስጽፈው እኔ ዘውገ አዳነ ነኝ። ፊደል አልቆጠርሁም፤ የሚጽፉልኝ የደብራችን የቅኔ መምህር መሪጌታ ውባንተ ናቸው። እርስዎ በዕድሜ ከበኵር ልጄ ስለሚያንሱ «አንተ» ልልዎ ነበር። መሪጌታ ግን ለተወካይ የሚጻፈው «እርስዎ» ተብሎ ነው ስላሉኝ፣ ውክልናው በእጅዎ እስካለ ድረስ እርስዎ እልዎታለሁ። ቀደም ሲል የላክናቸው ሦስት ማመልከቻዎች ታሽገው ስለነበር ሦስቱም ጠፍተዋል አሉ። ይህኛው እንዳይጠፋብዎ ሳይታሸግ በደብረ ታቦር ገበያና በቤተ ክርስቲያኑ ደጅ እንዲለጠፍ አድርጌያለሁ።

1ኛ. ስለ መምጣትዎ አመሰግናለሁ። ከመረጥንዎ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ባለፈው ጥር መጥተው፣ በምንጫችን ዳር ድንኳን አስተክለው ስለ ልማት ነገሩን። ከምንጩ ዐሥር እርምጃ ርቀው ተቀምጠው፣ ከከተማ ያመጡትን የታሸገ ውሃ ይጠጡ ነበር። ባለቤቴ ስርጉት ከምንጩ በጣሳ ቀድታ በሁለት እጇ ብታቀርብልዎ «ሆዴን ያመኛል» ብለው መለሱላት። ለካ ውሃችን ሆድ የሚያምመው በጣሳ ሲቀዳ ነው፤ በፕላስቲክ ሲታሸግ ይሻለዋል።

2ኛ. ስለ ግብዣዎም አመሰግናለሁ። ስብሰባው ሲያበቃ ለየሰዉ አንዳንድ ጠርሙስ ለስላሳ ታደለ፤ የወሰደ ሁሉ በቀኝ አውራ ጣቱ እንዲፈርም ተነገረን። ምን እንደሆነ ብጠይቅ አብሮዎ የመጣው ጸሐፊ «የተገኘ ሰው መቆጣጠሪያ ነው አባባ፣ ለስላሳው እንዳይደገም ነው» አለኝ። እኔ በዕድሜዬ ያልተነበበልኝ ወረቀት ላይ ጣቴን አሳርፌ አላውቅም። ስጋባ ውሉን አስነብቤያለሁ። የመሬት ደብተሬን ስቀበል ሁለት ጊዜ አስነብቤ፣ ምስክሩን ደግሞ የሰማውን አስደግሜዋለሁ። ያን ቀን ብቻ «ይነበብልኝ» አላልሁም። ጅል ሆኜ አይደለም፤ በሞላ ልጅ ፊት እንዲያ ማለት ሞላን መጠርጠር መስሎ ስለታየኝ ነው። አባትዎና እኔ አንዳንድ በሬያችንን አቀናጅተን ዐሥራ አንድ ክረምት አርሰናል። በዚያ ሁሉ ክረምት በመካከላችን ወረቀት የሚባል ነገር አልነበረም።

3ኛ. በመጋቢት ሽቦና ቋሚ የጫነ መኪና መጣ። ምንጩን ሲያጥሩት ተሰብስበን ብንከለክል፣ አንድ ቃለ ጉባኤ አውጥተው አሳዩን፤ መሪጌታ ጮክ ብለው አነበቡት። «የአስታ ውሃ ነዋሪዎች ምንጩ ለታሸገ ውሃ ፋብሪካ እንዲሰጥ በሙሉ ድምፅ ተስማምተዋል» ይላል። ከሥሩ የመቶ ስድሳ ሦስታችን አውራ ጣት ተደርድሯል። የጎረቤቴ የደሞዜ ጣት ሁለት ቦታ ይገኛል፤ ለስላሳውን ሁለት ጊዜ ወስዶ ነበር። እንግዲህ በአገራችን ሁለት ጊዜ ድምፅ የሰጠ ሰው ቢፈለግ ደሞዜ አለ፣ በእርስዎ ዘመን ያገኘነው ዕድገት ይህ ነው።

ስርጉት ይህን ሰምታ በሰው ፊት «እኔ ያገባሁት ለአንዲት ጥማድ ድንበር ዓመት የሚከራከር ወንድ ነበር፤ ለካ ምንጭ በለስላሳ ይለውጣል» አለችኝ። አሁን እንስራዋን አዝላ ገደሉን ወርዳ ከወንዝ ትቀዳለች፤ በዚህ ዕድሜዋ። ከብቶቹም በሽቦው ዳር ቆመው ውሃውን እየሰሙ ይውላሉ።

4ኛ. ሽማግሌ ሆነን ሦስት ጊዜ ቢሮዎ ድረስ በእግራችን መጣን። ሦስቱንም ጊዜ «ስብሰባ ላይ ናቸው» ተባልን። በሦስተኛው በሩ ሲከፈት፣ በጥር ከጎንዎ ተቀምጦ በጆሮዎ ሲያንሾካሹክ የዋለው ባለ ቆዳ ቦርሳ ሰው፣ የፋብሪካው ጉዳይ አስፈጻሚ፣ እየሳቀ ወጣ። እርስዎም እስከ ደጅ ሸኝተው በገዛ እጅዎ የመኪናውን በር ከፈቱለት። እኛን በአጠገባችን ሲያልፉ አላዩንም። ድምፃችንን እኛ ሰጠንዎ፣ ጆሮዎን እርስዎ ለእሱ ሰጡት። ደግ ሰው ነዎት፤ የሰው አደራ ተቀብለው ለሌላ ይቸራሉ።

5ኛ. አምስተኛም ነበረኝ። መሪጌታ ቃሉን አልጽፍም አሉ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልግባ። ማንበብ ባላውቅም ውክልና ምን እንደሆነ አውቃለሁ። በመሬት ክርክር ወንድሜን ምናለን ወክዬው ነበር። እኔን ሳያማክር ከባላጋራዬ ጋር ቢስማማ፣ ሄጄ ውክልናውን ሻርሁት። እስከ ዛሬ ወንድሜ ነው፤ ወኪሌ ግን አይደለም። የእርስዎ ውክልና እንዲህ የሚሻር አይመስለኝም ነበር። መሪጌታ ግን መራጩ አመኔታ ያጣበትን ተወካይ ከቦታው ማንሣት እንደሚችል በሕገ መንግሥቱ ተጽፏል ብለው አነበቡልኝ። አላመንሁም፤ አስደገምኋቸው። ሦስተኛም አስነበብሁ።

ስለዚህ በትሕትና የምለምንዎ አንድ ነገር ነው። ምክር ቤቱ ጉዳዩን የሚያጸድቀው ከፋሲካ በኋላ ነው ተብሏል። ከሆሳዕና በፊት ባለው ቅዳሜ ወደ ምንጩ ይምጡና ያን ቃለ ጉባኤ ከላይ እስከ ታች በራስዎ አንደበት ያንብቡልን። ሰምቶ የተስማማ እንደገና ይፈርማል። ካልተስማማን ወረቀቱ በፊታችን ይቀደድ፣ ሽቦውም ይነሣ። ለስላሳ አያምጡ። እርስዎ ካልመጡ በዚያው ቀን፣ በዚያው ሽቦ ዳር፣ ሌላ ወረቀት ይነበባል። ያኛው ቀለም ሳይነካ በፊት ሦስት ጊዜ ነው የሚነበበው፤ ደሞዜም አንድ ጊዜ ብቻ ይፈርማል።

የወንበርዎን ምቾት ዘወትር የሚመኝ፣ ሳይሰማ የተስማማ፣ ሳይጠራ ደጅ የጠና፣ ለክብርዎ እስከ ቅዳሜ ድረስ ዝቅ ብሎ እጅ የሚነሣ፣

ዘውገ አዳነ

(ሦስት ጊዜ ተነብቦልኝ በግራ አውራ ጣቴ ፈርሜያለሁ። ቀኙ እርስዎ ዘንድ ነው።)

ከፈረምሁ በኋላ የታወሰኝ፦ ይህቺ ለተወካዩ ሳትሆን ለሞላ ልጅ ናትና መሪጌታ እንዳያርሟት ለምኛለሁ። መልካሙ፣ አባትህ ሊሞት ሲል እህል አልወርድለት ብሎ፣ የመጨረሻ የለመነው ከአስታ ውሃ አንድ ጣሳ ነበር። አንተ ከተማ ነበርህ። ቀድታ ያጠጣችው ስርጉት ናት፤ ጣሳውም አንተ የመለስኸው ያው ጣሳ ነው። ሆዱን አላመመውም።