ልጄ የግመል ደላላ ሆነች

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 1። ከምሽቱ 1 ሰዓት

የውሃ ቦቴው ዛሬም ቀረ። በአንድ ጆግ ውሃ ራሴን አታልዬ ተቀመጥኩ። ላብራቶሪ ውስጥ ቀኑን ሙሉ ደም ስቀዳ ዋልኩ፣ ጣቶቼ አልኮል አልኮል ይሸታሉ።

ሂባን ከት/ቤት ይዤ ስመለስ ሱቅ ገባን። ባለሱቁ ስሟን ጠየቃት። እኔ መለስኩ። ስንተኛ ክፍል ነሽ አላት። እኔ መለስኩ። እሷ ጫማዋን ታያለች። አሥራ አራት ዓመቷ እኮ ነው! ከአዲስ አበባ ወደ ሐርጌሳ ከመጣን ስምንት ወር ሊሞላን ነው፣ ከቤት ውጭ አንድ ዓረፍተ ነገር ስትናገር አልሰማሁም። የመጀመሪያው ሳምንት መ/ሩ በሶማልኛ አንብቢ ብሏት አነበበች፣ ክፍሉ በአነጋገሯ ሳቀ። በቃ። አገሩ የአባቷ ነው፣ አፏ ግን የአዲስ አበባ። የእኔም ሶማልኛ ከእሷ አይሻልም፣ ግን እኔ ይሉኝታ የለኝም።

ደብተሬ፣ ለአንቺ ያልነገርኩሽ ነገር አለ። ቃል ገብቼላታለሁ። እህቴ ሀሊማ ኅዳር ላይ ከድሬዳዋ ለሰርግ ጅግጅጋ ትመጣለች፣ ከሰርጉ በፊት እኛ ጋ ብቅ ትላለች። ሂባ እስከዚያ ልቧ ካልተመለሰ ከአክስቷ ጋር ድሬዳዋ ሄዳ እዚያ ትማር አልኩ። ለቅሶዋ አሸንፎኝ ነው። አሁን ቀኑን እቆጥራለሁ።

ወንድሜ ከማል በመንገደኛ አንድ ፖስታ ልኮልኛል። አዲስ አበባ መምህር ነው፣ ተማሪዎቹን ከትምህርት በኋላ የሚያጫውታቸውን ጨዋታ ነው የላከው። ወረቀቶች፣ ደግሞ ቁጥር የተጻፈባቸው ባለ ብዙ ገጽ ዳይሶች። አንዱ ሃያ ገጽ አለው፣ ከረሜላ ይመስላል። ከማል ስልክ ላይ ግማሽ ሰዓት ሰበከኝ። ዝምተኛ ልጅ ሌላ ሰው ሆኖ ሲጫወት አፉ ይፈታል ነው የሚለው። ከማል ድሮም ማጋነን ይወዳል።

አርብ፣ ጥቅምት 7። ከቀኑ 11 ሰዓት

ተናድጃለሁ። በቅደም ተከተል ልጻፈው።

ዩሱፍ ትናንት ከበርበራ ገባ። ባሌ ሳምንቱን ወደብ ላይ ነው፣ የእኛ የሚሆነው አርብ ብቻ። ከጁምዓ መልስ ሩዝ በልተን ጠረጴዛውን አጸዳን። የጎረቤታችንን ልጅ ሱምያን ጠራኋት፣ የሂባ ክፍል ተማሪ ናት። በሳምቡሳ ነው ያባበልኳት።

ጨዋታው እንዲህ ነው። አንድ ሰው ታሪክ ያወራል፣ ሌላው የታሪኩ ሰው ይሆናል። ተራኪው ምን ታደርጊያለሽ ይልሻል፣ የምታደርጊውን ትናገሪያለሽ። መሳካት አለመሳካቱን ዳይሱ ይለያል። አሸናፊ የለም፣ ሁሉም ባንድ ወገን ነው። ተራኪዋ እኔ። የከማልን ወረቀት አነበብኩ፦ ተራራ፣ በረዶ፣ ግንብ፣ ሊደረመስ የደረሰ ድልድይ። ሱምያ በረዶ ምን ምን ይላል አለች። ዩሱፍ ሐኪም ሆኖ ገብቶ በየደቂቃው ሳምቡሳው ደረሰ ወይ ይላል። ሂባ ዳይሱን ትወረውራለች፣ ቁጥሩን በጣቷ ታሳያለች። ግን ከጠረጴዛው አልተነሳችም፣ አልሃምዱሊላህ ብዬ ነበር።

ድልድዩ ላይ እንዳለን አዴር ጃማ ገቡ፣ አዴር እዚህ አገር እንደ ጋሼ ነው። የሱምያ አያት ናቸው፣ ጡረታ የወጡ የከባድ መኪና ሹፌር። የልጅ ልጃቸውን ሊወስዱ ነው። ዳይሱን አዩ። ሱብሃነላህ! በር ላይ ደርቀው ቀሩ። ቁማር የለውም አዴር፣ ዳይስ ብቻ ነው እላለሁ፣ ድንጋጤ ሲይዘኝ ደግሞ ሳቅ ይመጣብኛል። ሳቅኩባቸው መሰላቸው። ዳይስ ዳይስ ነው፣ በሃይማኖታችን ክልክል ነው አሉና ሱምያን ይዘው ወጡ። ሂባም ክፍሏ ገባች።

እኔስ ምን ነካኝ? የሰው ልጅ ጠርቼ አያቷን ሳላስፈቅድ!

እሑድ፣ ጥቅምት 9። ከቀኑ 10 ሰዓት

አዴር ጃማ መጡ። ይቅርታ ልጠይቅ አፌን ስከፍት እሳቸው ቀደሙኝ። ሱምያ ሁለት ቀን ሙሉ ታሪኩን ስትነግራቸው ቆይታለች። ድልድዩ ወደቀ ወይስ አልወደቀም? ማወቅ ፈልገዋል። ወላሂ ለዚህ ነው የመጡት።

አማርኛቸው ከእኔ ይሻላል። ሠላሳ ዓመት ሙሉ አዲስ አበባ ጂቡቲ ሲመላለሱ የተማሩት ነው፣ ስድባቸው ሳይቀር የሹፌር ነው። ዳይሱን ከቤት እንዳወጣ፣ ታሪኩን ግን እንዳልተው አዘዙኝ። በዳይሱ ፋንታ ጠጠር አመጡ። ተራኪው ጠጠሯን በአንድ እጁ ይደብቃል፣ ሁለቱን ጭብጥ ይዘረጋል። ተጫዋቹ ካገኛት ሐሳቡ ይሳካል፣ ካላገኛት አይሳካም። ቀረጥ ጣቢያ ላይ ተራ ሲጠብቁ እንዲህ ይጫወቱ ነበር። አንድ ሕግ ጨመሩ፦ የሚገምት ሰው የደባቂውን ዓይን ማየት አለበት። ዓይን ሳያዩ መገመት ስርቆት ነው አሉ።

ዳይሶቹን ለከማል ልመልስለት ጠቀለልኳቸው። ሂባ በር ስር ቆማ ስትሰማ ነበር።

አርብ፣ ጥቅምት 14። ከምሽቱ 12 ሰዓት

ከተራኪነት ተባረርኩ። በአንድ ድምፅ። አዴር ጃማ በረዶውን ሰረዙት፣ ግንቡን ሰረዙት። አሁን አሮጌ ቀይ የጭነት መኪና አለን፣ መድኃኒት ጭነን ከበርበራ ተነስተናል፣ ትኩሳት የገባባት ከተማ እየጠበቀችን ነው። ሱምያ ሹፌር። ዩሱፍ ወጥ ቤት (ምን ይጠበቃል)። እኔ መካኒክ። አዴር በአንድ ዓረፍተ ነገር ሶማልኛ፣ በሌላው አማርኛ ነው የሚተርኩት፤ ያልገባው ሰው የለም።

ሂባ ማን መሆን እንደምትፈልግ በወረቀት ጻፈች። የግመል ደላላ!

ልጄ ግመል የምታውቀው ከመኪና መስኮት ነው። ዩሱፍ ግን ሳቁን መቆጣጠር አቃተው። በኋላ ኩሽና ውስጥ ነገረኝ፦ የከብት ገበያ ደላሎች ዋጋ የሚነጋገሩት ጨርቅ ስር በጣት ነው፣ ቃል አይወጣቸውም። ሂባ ካንድ ወር በፊት ከእሱ ጋር ሄዳ አይታለች። ልጅቷ የማይናገሩበትን ሥራ መርጣ ነው! ልሳቅ ላልቅስ ግራ ገባኝ።

ሌላም ነገር አለ፣ ልደብቅሽ አልችልም። አዴር ሂባን ደላላዋ ምን ታደርጋለች ሲሏት እኔ መለስኩ። ደግመው ጠየቁ፣ ደግሜ መለስኩ። ሦስተኛው ላይ የሻይ ብርጭቆአቸውን አስቀመጡ።

«ልጄ፣ አንቺ መካኒክ ነሽ። እኔ የጠየቅኩት ደላላዋን ነው።»

ተቀየምኩ። ሳምቡሳ ልጠብስ ሄድኩ፣ ሳምቡሳውም አረረብኝ። የሂባን ችግር ከእኔ በላይ ሊያውቁ?

አርብ፣ ጥቅምት 21። ከምሽቱ 12፡30

ዛሬ በደስታ ነው የምጽፈው።

ሂባ ሁለት አርብ ሙሉ ጠጠሯን አንድ ጊዜም አልሳተችም። ቀና ትላለች፣ የአዴርን ዓይን ታያለች (የምታየው እኮ ሰው ነው!)፣ ጭብጣቸውን በጣቷ ነካ ታደርጋለች፣ ጠጠሯ እዚያ ናት። ዩሱፍ ምን ዓይነት ዕድል ነው ይላል። እኛ ግማሹን እንስታለን።

ዛሬ መኪናችን ገደል አፋፍ ላይ ተንጠለጠለች። የሱምያ ተራ። ከሳተች መድኃኒቱም መኪናውም ገደል ነው። ሱምያ ላብ በላብ ሆነች፣ እጇን ወደ ግራው ጭብጥ ሰደደች። ያኔ ነው።

«ሚዲግ! ሚዲግ!» አለች ሂባ። ቀኝ፣ ቀኝ ማለቷ ነው። በሶማልኛ። ጮክ ብላ። ለሰው።

ሱምያ ቀኙን ነካች፣ ጠጠሯ ነበረች። ከዚያ ሂባ ፊቷ እንደ በርበሬ ቀልቶ በሶማልኛና በአማርኛ እያደባለቀች ተናዘዘች። አዴር ጃማ ጠጠሯን አንድም ቀን በግራ እጃቸው ይዘው አያውቁም። ያወቀችው በመጀመሪያው ቀን ነው፣ ለራሷ ይዛው ነበር። ሽማግሌው ሁለቱን እጃቸውን እያገላበጡ አዩ። ሰባ ዓመት ሙሉ በቀኝ ካልሆነ ለሰው ሰጥተው አያውቁም፣ የሰው ዕድል በግራ እጅ ይያዛል እንዴ? ብለው ራሳቸው ሳቁ። ሳቃቸው ወደ ሳል ተለወጠ፣ ውሃ ሰጠናቸው።

ከዚያ በኋላ ለፍትሕ ሲሉ ግራቸውንም መጠቀም ጀመሩ። መሐረብ ጠቅልለውበት። ማሻአላህ፣ ሰው!

ለከማል ነገርኩት። በድምፅ መልእክት በደስታ ጮኸብኝ። ማጋነኑን ዛሬ ይቅር ብዬዋለሁ።

አርብ፣ ጥቅምት 28። ከምሽቱ 12 ሰዓት

ዝናብ። በእውነትም፣ በታሪኩም። ወንዙ ሞልቷል፣ መኪናችን ጭቃ ውስጥ ናት፣ የሚጎትቷት ግመሎች ደግሞ ማዶ ናቸው፣ ከባለቤታቸው ጋር። ደላላዋ ትስራ ተባለ። ሂባ እንደ ልማዷ ጣቶቿን ዘረጋች። አዴር ራሳቸውን ነቀነቁ። ወንዙ ሰፊ ነው፣ ጣት አይደርስም።

ሽማግሌው ለካ ሦስት ሳምንት ሙሉ ወደዚህ ነበር የሚነዱት።

ሂባ ጣቶቿን ሰበሰበች። መልሱ አፌ ላይ ደርሷል፣ ዩሱፍ ጠረጴዛ ስር ጉልበቴን ጨብጦ ያዘኝ። ከንፈሬን ነከስኩ። ከዚያ ልጄ ተነስታ ቆመች። በሶማልኛ ማዶ ላለው ሰውዬ ጮኸች። ግመሎችህ አንካሶች ናቸው አለችው። ጥርሳቸውን ከዚህ ሆኜ ቆጥሬዋለሁ፣ ግማሹ የለም አለችው። አንተም የታመመ ሕዝብ እየጠበቀ እዚያ ቆመህ ስታዛጋ አታፍርም አለችው።

ሱምያ በሳቅ ፈነዳች። እኔ በአነጋገሯ የሳቀች መስሎኝ ብድግ አልኩ። የሳቀችው ግን በስድቡ ነው፣ ሆዷን ይዛ ድገሚው ትላለች። ሂባም አየቻት። ገባት። ደገመችው፣ ጨመረችበት። አዴር ጃማ በማዶው ሰውዬ ስም ተሳድበው መለሱ። ሩብ ሰዓት ተሰዳደቡ! ግመሎቹ መጡ።

ሰኞ፣ ኅዳር 8። ከቀኑ 9 ሰዓት

ት/ቤት ተጠርቼ ነበር። የጥሪ ወረቀቱ ሲደርሰኝ ሥራዬን ጥዬ ሄድኩ። መ/ሩ በትሕትና አስቀመጡኝ። ሂባ በሒሳብ ክፍለ ጊዜ ከሱምያ ጋር ታወራለች፣ ሁለቴ መክረዋት አልሰማችም፣ ክፍሉን ትረብሻለች።

እኔ ሳቅኩ። ደግመው አጥብቀው ነገሩኝ፣ ባሰብኝ። እንባዬን እየጠረግኩ ትረብሻለች? ወላሂ ትረብሻለች? አልኳቸው። እኚህ ሰው ልጇን ያበላሸችው እናት ናት ብለው እንደሆነ አልፈርድባቸውም። ስወጣ ሳይወዱ አንድ ነገር ጨመሩ፦ የሶማልኛ ጽሑፏ ተሻሽሏል። የአዴርን አዳዲስ ቃላት በደብተር ትለቅማለች፣ ስድቡንም ጭምር እንደሆነ አልነገርኳቸውም።

ስለ ድሬዳዋ ግን ትንፍሽ አላለችም። እኔም አልጠየቅኳት። ፈርቼ ነው።

ሐሙስ፣ ኅዳር 11። ከምሽቱ 1 ሰዓት

ሀሊማ መጣች። ለሂባ ልብስ ባዶ ሻንጣ ይዛ። ት/ቤት አነጋግራላታለች፣ አልጋ አዘጋጅታላታለች። እህቴ ነገር ስትይዝ እስከ ጫፍ ነው። ሂባ አክስቷን አቅፋ አልለቅ አለች። እኔ ሻንጣውን በር ጀርባ ደበቅኩት። ራት ላይ ሀሊማ ት/ቤት እንዴት ነው አለቻት። ጥሩ ነው፣ አሁን እኮ ጓደኛ አግኝታለች አልኩ እኔ። ሂባ ሳህኗን ይዛ ተነሳች።

አርብ፣ ኅዳር 12። ከምሽቱ 12 ሰዓት

መድኃኒቱ ደረሰ። ከተማዋ ዳነች። ሀሊማን የከተማዋ ሹም አደረግናት፣ እልል ብላ ተቀበለችን።

ሰው ከሄደ በኋላ ኩሽና ውስጥ ሂባን ጠየቅኳት። ቃሌ ቃል ነው፣ ብትሄጂም አልቀየምም አልኳት። ውሸቴን ነው።

አልሄድም አለች። ወዲያው፣ ሳህን እያደረቀች። ልስማት ስል እጇን ዘረጋች፣ ቆዪ አለች። አንድ ነገር እንድታቆሚ እፈልጋለሁ አለችኝ። ጨዋታው ላይ ስትመልሺልኝ አዴር ያስቆሙሻል፣ ሱቅ ስንገባ፣ ት/ቤት፣ ራት ላይ ግን ማንም የለኝም።

«እማ፣ አንቺ ስትመልሺልኝ እኔ መልስ የለኝም ማለት ነው ብዬ አምን ነበር።»

ደብተሬ፣ ዘጠኝ ወር ሙሉ የክፍሏን ልጆች ስረግም ነበር። እነሱ የሳቁባት አንድ ቀን ነው። እኔ አፏን የያዝኩት በየቀኑ።

አለቀስኩ። ልከላከል አልሞከርኩም። እሷም አላባበለችኝም፣ ፎጣውን ሰጠችኝና ቀሪውን ሳህን አድርቂ አለችኝ።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 13። ከቀኑ 10፡30

ሀሊማ ጠዋት ሄደች። ጅግጅጋ ለሰርጉ ስትደርስ ትደውላለች።

ወስኛለሁ፣ እዚህ ይመዝገብ። ሂባ የተጠየቀችውን ሂባ ትመልሳለች። ብትንተባተብም፣ ቢቆይም፣ ብትሳሳትም። ት/ቤት በር ድረስ እንጂ አልገባም።

ቦቴው ሲቀር ውሃ የምትቀዳልን ጎረቤት አሁን ገባች። ሂባን አክስትሽ ይዛሽ ትሄዳለች ሲሉ ሰምቼ ነበር፣ ለምን ቀረሽ እያለቻት ነው። ሂባ እያሰበች ነው። ሴትዮዋ ዞራ እኔን አየችኝ። መልሱን አውቀዋለሁ፣ ምላሴ ላይ ነው። ሂባም አየችኝ። አንገቴን ደፍቼ የምጽፈው ለዚህ ነው፣ እጄም አፌም ሥራ እንዲይዙ። ያ ረቢ። አይ፣ እስክትናገር ድረስ እኔ አንድም ቃል... ተናገረች!