ከመንገድ በታች ያለ ቤት

ውድ ወንድም ጋሼ፣

ሰላምታዬ ይቅደም። ስልክ አላነሳ ስላሉኝ ነው የምጽፈው። ሰኞ ኤክስካቫተሩ የቤትዎን መሠረት ሊቆፍር ወደ ኮረብታው ይወጣል ሲሉ የሆቴልዎን ሠራተኞች ሰማሁ።

ጀውሃ ከተማ ምሳ ስንበላ የቤትዎን ፕላን የዘረጋሁልዎት ቀን ትዝ ይልዎታል? ወደ ኮረብታው የሚያወጣው የመኪና መንገድ በቦታው አናት ስለሚያልፍ በሩን ከላይ፣ ሳሎኑን ከሥሩ፣ መኝታ ቤቶቹን ከሁሉ በታች አድርጌ፣ ቤቱን እንደ እርከን ዳገቱ ላይ አስደግፌው ነበር። እርስዎ ጥብሱን ገፋ አደረጉና፣ "አንቺ ልጅ፣ እንግዳዬ ጣራዬን ቁልቁል እያየ ሊገባ ነው? ሰው ወደ ቤቱ ይወጣል እንጂ ይወርዳል? ሽፈራው ቪላ ሠራ ሳይሆን ጉድጓድ ገባ ነው የሚሉኝ!" አሉኝ። አጠገባችን የተቀመጡት ሾፌሮች ሳቁ። እኔም ተናድጄ ተነሣሁ።

አሁን ሌላ ሰው በረጃጅም የኮንክሪት ምሰሶዎች፣ በኮለኖች ላይ የቆመ፣ ፊቱ ሁሉ መስታወት የሆነ ፎቅ ነድፎልዎታል። ንድፉን አይቼዋለሁ፤ ያምራል፣ አልዋሽም። በሸዋ ሮቢት ሙቀት መስታወት ውስጥ መቀመጥ ምን እንደሚመስል ለሌላ ቀን ልተወው። ከካራቆሬ የሚመጣ ሾፌር ሁሉ ከአስፋልቱ ቀና ብሎ እንዲያየው እንደሚፈልጉ አውቃለሁ። በዚያ አስፋልት ላይ ከመኪና ሥር ተኝተው እየጠገኑ እኔን አርክቴክት ያደረጉኝ እርስዎ ነዎት። ይህን ማን ይነፍግዎታል?

ግን ኮለኖቹ የሚያርፉበትን የታችኛውን ጠርዝ ከክረምቱ በኋላ ሄደው አይተውታል? አፈሩ ተሰንጥቋል። እጄ እስከ ክርኔ ገባ። አምና መሬት ሲንቀጠቀጥ በአንድ እግር ጫማ ከሆቴሉ ሮጠው የወጡት ማን ነበሩ? ያን ቀን እንኳ ምድር ቤት ነበሩ።

ፈርቻለሁ፣ ወንድም ጋሼ። ደመና ባጉረመረመ ቁጥር ወደ ኮረብታው አያለሁ፤ ገና ያልተሠራ ቤት ይወድቅብኛል። ሳይቃጠል በቅጠል ይሉ የለ?

እሺ፣ ልብዎ ኮለኑ ላይ ከሆነ ይሥሩት። አንድ ነገር ብቻ እለምንዎታለሁ፦ ከፎቁ ሥር፣ በኮለኖቹ መካከል፣ ለእኔ አንዲት ክፍል ያሠሩልኝ። ቀልዴን አይደለም፤ እገባባታለሁ። እርስዎ ከላይ እንግዳ ይቀበላሉ፣ እኔ ከሥርዎ እተኛለሁ። ያኔ እንቅልፍ ከወሰደዎት የእኔ ፕላን ይቀደድ።

ሰኞ ጠዋት ከኤክስካቫተሩ ቀድሜ ስንጥቁ ዳር ቆሜ እጠብቅዎታለሁ። ይምጡና እጅዎን ያስገቡበት።

ያሳደጓት እህትዎ፣
ፋናዬ