ለበራችን የመረጥኳት ኤሌክትሮድ

ውድ ባለቤቴ ይልማ፣

ከተለያየን ዓመት ሊሞላን ነው። እኔ ደኅና ነኝ፤ ብርድ ሲሆን ብቻ ጉልበቴ ያስቸግረኛል። ዘንድሮ ቢቸና ላይ ክረምቱ ጠንክሮ ከረመ፤ የተከልከው ጌሾ ግን አምሮበታል።

የምጽፍልህ ስለ ግቢያችን በር ነው። ጡረታ ወጥተህ ብየዳ ስትለማመድ በገዛ እጅህ የሠራኸው በር፣ በነሐሴው ዝናብ የታችኛው ማጠፊያው ተገንጥሎ መሬት ለመሬት መጎተት ጀመረ። ልጃችን ሰናይት ለሙት ዓመትህ ሰው ሳይመጣ ከሞጣ አዲስ በር ልታስመጣ፣ ያንተን ለቁራሊያ ልትሰጥ ቆረጠች። "እማዬ፣ እንግዳ በዚህ ይግባ? እኔ አፍራለሁ" አለችኝ። እስከ እሑድ ታገሽኝ፣ ካልጠገንኩት የፈለግሽውን አድርጊ አልኳት። ሳቀችብኝ።

ዓይንህ ከደከመ ወዲህ የምበይደው እኔ ነበርኩ። አንተ ለብልጭታው ጀርባህን ሰጥተህ በርጩማ ላይ ተቀምጠህ በድምፁ ብቻ ታርመኛለህ። ቅቤ ሲነጠር እንደሚሰማው እኩል ከተንጣጣ "ይሁን፣ ቀጥዪ" ትላለህ፤ ፍስስ ካለ "ራቅሽ፣ ተጠጊ!" የሰው ደብተር ሳርም የኖርኩ መምህርት በስተርጅና እርማት ስቀበል ደስ ይለኝ ነበር።

ጓዳ የተውካቸውን ኤሌክትሮዶች፣ እነዚያን እየቀለጡ ብረት የሚያያይዙ ዘንጎች፣ ሳወጣቸው እርጥበት ገብቶባቸው ሽፋናቸው ይፈረፈራል። ምድጃ አጠገብ ባደርቃቸውም አልሆኑም። ስለዚህ በሚኒባስ ሞጣ ሄድኩ፤ አንተ ከምትገዛበት ሱቅ። ባለሱቁ ሐጂ ሰዒድ መሞትህን ሲሰሙ አዘኑ፣ ዱዓም አደረጉልህ። ከዚያ ወፍራሙን ኤሌክትሮድ አውጥተው "ለበር ከሆነ ይኼን ይውሰዱ እትዬ፣ ጠንካራው እሱ ነው" አሉኝ።

አይሆንም፣ ቀጭኑን፣ ባለ ሁለት ነጥብ አምስት ሚሊሜትሩን ይስጡኝ አልኳቸው። አንተ እንዳስረዳኸኝ አስረዳኋቸው፤ የበሩ ላሜራ ስስ ነው፣ ወፍራሙ ብዙ ኃይል ይፈልጋል፣ የእኛ ትንሽ ማሽን ቢችለው እንኳ ላሜራውን ይበሳዋል። "ጋሽ ይልማ ወራሽ ትተዋላ!" ብለው ሳቁ። እኔ ግን የፓኬቱ ላስቲክ አለመቀደዱን አገላብጬ ሳላይ አልተቀበልኩም።

ቅዳሜ ዝገቱን በሽቦ ብሩሽ ፈቅፍቄ፣ መጀመሪያ በቁራጭ ብረት ላይ ሞከርኩ። ከዚያ ሰናይት በሩን ደግፋ ይዛልኝ ማጠፊያውን በየድኩ። ድምፁ ፍስስ ባለ ቁጥር፣ የሚያርመኝ ስላልነበረ ራሴው ጮክ ብዬ "ተጠጊ!" እል ነበር። ሰናይት መጀመሪያ ሳቀች፤ ኋላ ግን በሩን ጠበቅ አድርጋ ያዘችልኝ።

ሲቀዘቅዝ የብየዳውን ቅርፊት በመዶሻ አራገፍኩና በሩን ገፋ አድርጊው አልኳት። መሬት ሳይነካ ሄደ፤ ሳይነካ ተመለሰ። እዚያው ቆማ ሞጣ ደውላ አዲሱን በር አስቀረች።

ቀለም ከመቀባታችን በፊት ግን የጥንቱን ብየዳህን፣ ያን እንደ ሽምብራ የተድቦለቦለውን፣ አስሞርደን እናለስልሰው ብላ ነበር። ጠማማ መስመር እንደማልወድ ታውቃለህ። ይኼ ግን አይነካም አልኳትና ከነጉብታው ቀባነው።

ጠዋት በሩን ስከፍት እጄ የሚያርፈው እዚያ ላይ ነው። እግዚአብሔር ዕድሜ እስከሰጠኝ ቀለሙን የማድሰው እኔው ነኝ፤ ሞረድ ይዞ የሚጠጋው ሰው የለም።

ባለቤትህ ጥሩወርቅ