ሚያዝያና አፕሪል፦ የኢንጂነር አምሃ ወልደ አማኑኤል የሕይወት ታሪክ

ኢንጂነር አምሃ ከአባታቸው ከአቶ ወልደ አማኑኤል ደስታና ከእናታቸው ከወይዘሮ አስካለ ማርያም ብሩ ጥር 8 ቀን 1942 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 16 ቀን 1950) በድሬዳዋ ከተማ ተወለዱ። በዚህ ጽሑፍ ቀኑ በሁለቱም አቆጣጠር የተጻፈው በራሳቸው ትእዛዝ ነው።

አባታቸው የምድር ባቡር መካኒክ ስለነበሩ አምሃና በሦስት ዓመት የሚያንሳቸው ወንድማቸው ሐዋዝ ከብረትና ከቅባት ጋር አደጉ። አንድ አሜሪካዊ መምህር ወደ አገሩ ሲመለስ ትቶላቸው የሄደው የመኪና እሽቅድምድም መጽሔት ግን ወንድማማቾቹን አጣላ። አምሃ ጎማቸው ያልተሸፈነውን፣ ለውድድር ብቻ የሚሠሩትን ቀጫጭን መኪኖች ወደዱ። ሐዋዝ ደግሞ የመንገድ መኪና የሚመስሉትን፣ እየተገፋፉ የሚሮጡትን ካልሆነ ሞቼ እገኛለሁ አለ። ክርክሩ ምሳ ያስረሳቸው ነበር።

ኢንጂነር አምሃ በተግባረ ዕድ ከተማሩ በኋላ በ1963 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 1971) በስኮላርሺፕ ስቶክሆልም መጥተው በሜካኒካል ምህንድስና ተመረቁ። ሐዋዝ አዲስ አበባ ጋራዥ ተቀጠረ። በ1969 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 1977) አሜሪካ፣ ኢንዲያና ውስጥ የእሽቅድምድም መካኒኮችን የሚያሠለጥን አንድ ጋራዥ ተቀበለው። ደብዳቤው የመጣው በታላቅ ወንድሙ አድራሻ ነበር፤ ሐዋዝ ቪዛና ቲኬቱን አፕሪል 21 ቀን እንዲወስድ፣ በማግሥቱ እንዲበር ይላል። ኢንጂነር አምሃ ስድስት ዓመት በፈረንጅ ቀን ኖረው ነበርና «ቀጠሮህ ሚያዝያ 21 ነው፤ እንዳታረፍድ» ብለው ጻፉለት።

አፕሪል 21 ሚያዝያ 13 ነው። ሐዋዝ ሻንጣውን አዘጋጅቶ ቀን ሲቆጥር፣ ሚያዝያ 19 ቀን ታጣቂዎች ከጋራዡ ወሰዱት። የተወሰደ ልጅ የት ደረሰ ተብሎ የሚጠየቅበት ዘመን አልነበረም። አስከሬኑም አልተገኘም፤ ዕቃውን የጋራዡ ባልደረቦቹ ለኢንጂነር አምሃ ላኩ።

እናታቸው «ሐዋዝ ደረሰ ወይ?» ብለው ከድሬዳዋ ሲያስጽፉ፣ ኢንጂነር አምሃ እውነቱን ለመጻፍ እጃቸው እንቢ አላቸው። «በሰላም ገብቷል» ብለው መለሱ። ብዙዎቻችን የሳቅንበት፣ ኢንጂነር አምሃ የፈጠሩት የአሜሪካ እሽቅድምድም ሌላው ታሪክ የተጀመረው በዚህ ደብዳቤ ነው።

እናት ዜና ሲጠይቁ ዜና ይጻፍላቸዋል። ሐዋዝ መጀመሪያ ጎማ ቀያሪ፣ ቀጥሎ ነጂ ሆነ። በእውነቱ ዓለም ሁለቱ ዓይነት እሽቅድምድሞች ለየብቻ ነበሩ፤ ክፍት ጎማዎቹማ በ1971 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 1979) እርስ በርስ ተጣልተው ተከፈሉ። በኢንጂነር አምሃ ታሪክ ግን ሐዋዝ ባለመኪኖቹን ሸምግሎ አስታረቀ፤ ሁሉም በአንድ ሻምፒዮና ገቡ፤ አንድ ነጂ በአንዱ እሑድ ቀጭኑን፣ በሌላው እሑድ ባለ ኮፈኑን ይነዳል። ወይዘሮ አስካለ ማርያም «ልጄ በሰው አገር ሽማግሌ ሆነ» ብለው ለጎረቤት አወሩ። በዚያ ታሪክ ውስጥ ማንም ነጂ አይሞትም።

አንድ ችግር ብቻ ነበር። ሐዋዝ ለእናቱ «ሻምፒዮን የሆንኩ ዕለት እመጣለሁ» ብሏል ተብሎ ተጽፎ ነበር። ስለዚህ በየዓመቱ ሁለተኛ መውጣት ነበረበት። አንድ ዓመት በመጨረሻው ዙር ቤንዚን አለቀበት፤ ሌላ ዓመት ጎማው ፈነዳ፤ ሌላ ዓመት ለተገለበጠ ባልደረባው ቆመለት። እናታቸው በ1985 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 1993) «ዘንድሮስ ያሸንፋል» እያሉ አረፉ። ኢንጂነር አምሃ ከዚያ ወዲያ የሚጽፉለት ሰው አልነበራቸውም፤ ግን ማቆም አልቻሉም። ሠላሳ አንድ ደብተር ሞሉ።

በ1974 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 1982) ከወይዘሮ ሙሉወርቅ ኃይሉ ጋር በሥርዓተ ተክሊል ተጋብተው በስቶክሆልም ዳርቻ፣ ሁስቢ ኖሩ፤ ልጃቸውን ዮሐናንም ወለዱ። በአውቶቡስ ጥገና መሐንዲስነት ሠላሳ ሁለት ዓመት አገልግለው ጡረታ ወጡ። ወይዘሮ ሙሉወርቅ ለዓመታት «አምሃ፣ እባክህ ፍትሐት ይደረግለት፤ ነፍሱን አሳርፋት» እያሉ ለመኑ። መልሱ ሁልጊዜ «ባለፈው እሑድ ለነዳ ሰው?» ነበር። ስለተሳሳተው ቀን ግን ለእሳቸውም አልነገሯቸውም።

ባለፈው ጸደይ የሳንባ ካንሰር ታወቀባቸው። ሆስፒታል ሆነው፣ ትንፋሽ እያጠራቸው፣ የመጨረሻውን ውድድር ለመጨረስ ሲታገሉ ማየት ለቤተሰቡ ጭንቅ ነበር። ሐዋዝ ካላሸነፈ አይመጣም፤ ካሸነፈም የሚመጣበት ቤት የለም። በመጨረሻ ከሐዋዝ ዕቃ ጋር ተመልሶላቸው ለአርባ ስምንት ዓመት የደበቁትን የገዛ ራሳቸውን ደብዳቤ አውጥተው ለዮሐና ሰጧት። ዮሐና አማርኛ የምታነበው ፊደል እየቆጠረች ነው። ቀኑ ላይ ስትደርስ ቀና ብላ በስዊድንኛ፣ አፕሪል ሃያ አንድ ማለት ነው አይደል፣ ብላ ጠየቀች።

ኢንጂነር አምሃ ልጃቸው ፊት አልቅሰው አያውቁም ነበር። «አይደለም ልጄ» አሏት። «ሚያዝያ አፕሪል አይደለም። ይኼን በቀብሬ ቀን አንብቡልኝ።»

ጥቅምት 6 ቀን 2018 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 16 ቀን 2025) በተወለዱ በሰባ አምስት ዓመታቸው ዐረፉ። ሠላሳ አንደኛው ደብተር ትራሳቸው ሥር ተገኘ። በመጨረሻው ገጽ የነጂዎቹ ስም በደረሱበት ተራ ተዘርዝሯል። ሁለተኛው ቦታ ላይ ሌላ ሰው ገብቷል። ከዝርዝሩ ሥር አንድ መስመር ተጽፏል፦ «ሐዋዝ አልደረሰም።»

ከባለቤታቸው፣ ከልጃቸውና ከልጅ ልጃቸው ከሣራ ተለይተዋል። በትእዛዛቸው መሠረት የዛሬው ፍትሐት ለሁለት ሰው ነው፤ ለኢንጂነር አምሃ፣ በክርስትና ስማቸው ገብረ ሥላሴ፣ እና ገና የሃያ አራት ዓመት ልጅ ለሆነው ለሐዋዝ፣ በክርስትና ስሙ ኃይለ ገብርኤል። ቀን የማይሳሳት አምላክ ሁለቱንም በአንድ ቀን ይቀበልልን። አሜን።