አፍንጫህ በነጅማ ቴሌቪዥን

ልጄ ሙአዊያ፣ አላህ ከሰው ዓይን ይሰውርህ፤ አፍንጫህ እንኳ አምልጦናል። እኛ ደህና ነን፤ አባትህ የካ አባዶ የታክሲ ሰልፍ ላይ ሲጨቃጨቅ ይውላል።

ማክሰኞ ጎረቤታችን ነጅማ፣ አንተ ከኦስሎ ለልጆቿ በኢንተርኔት የምትሰጠውን የሒሳብ ትምህርት በትልቁ ቴሌቪዥን ከፍታ "ነይ፣ ልጅሽን እዪ" ብላ ጠራችኝ። ለካ ኮምፒውተሩን ጭንህ ላይ ነው የምታስቀምጠው! ግድግዳውን የሞላው የአፍንጫህ ቀዳዳ፣ ከኋላህም የተሰጣ ሙታንታ። ዘገነነኝ። ትንሿ ልጇ "እማማ፣ መምህራችን ፊት የለውም እንዴ?" አለችኝ። ነጅማማ "ሌላ አስተማሪ ሳልፈልግ አልቀርም" አለች። አንድ ቀን እንድትታገስህ ለመንኳት።

እባክህ ልጄ፣ መጻሕፍት ደራርበህ ካሜራውን ከዓይንህ ትክክል አድርገው፤ ሙታንታውንም ሰብስብ። አላህ ፊትህን ያብራልህ፤ አምፖሉን ግን አንተው ከፊት ለፊትህ አብራው።

እናትህ መብሩካ