«ሳያረጋግጡ እንዳይጭኑ» ላሉን ክቡር ኃላፊ

ይድረስ በነጻ የሚታደለው የሊኑክስ የኮምፒውተር ሥርዓት ማውረጃ ገጽ ኃላፊ ለሆኑት ለክቡርነትዎ፤

ከሁሉ አስቀድሜ ለጤናዎ፣ ለዓይንዎና በተለይም ለትዕግሥትዎ እንደምን ከርመዋል እላለሁ። እኔ፣ ከሬዲዮ ጥገና ተነሥቼ ማንም ሳያስተምረኝ ኮምፒውተር እስከ መፍታት የደረስኩ፣ መልሼ ስገጥም ግን አንዳንድ ብሎን የሚተርፈኝ ሰው፣ ዓይኔ ከመፍዘዙ በቀር ደኅና ነኝ።

የወንድሜ ልጅ በአንድ ኮምፒውተርና በአንድ ፕሪንተር የምትተዳደር ጸሐፊ ናት፤ ማመልከቻ ትጽፋለች፣ የሰው መታወቂያ ስካን ታደርጋለች፣ የፍርድ ቤት ክስ ትተይባለች። ደንበኞቿ በፍላሽ ይዘውት የሚመጡት ቫይረስ ኮምፒውተሯን ስላሽመደመደው፣ ወደ እርስዎ ሥርዓት እንድትዛወር የመከርኳት እኔ ነኝ። እሷም ሰምታኝ በሯ ላይ «ለጊዜው ፎቶ ኮፒ ብቻ» የሚል ወረቀት ለጠፈች። ወረቀቱ እስካሁን ስላልተነሣ፣ በየተራ ላመሰግንዎ ተነሥቻለሁ።

አንደኛ፦ የወረደውን የመጫኛ ፋይል ሰው እንዳልነካካው «ሳያረጋግጡ እንዳይጭኑ» ሲሉ በቀይ ቀለም ስለመከሩን እናመሰግናለን። ምክርዎ እውነት ነው፤ ውሻ በቀደደው ጅብ ይገባልና፣ የተበረዘ ፋይል ብንጭን የስንቱ ደንበኛ መታወቂያ ከማናውቀው ሰው እጅ ይገባል። ማረጋገጫው የፋይሉ አሻራ ነው ተብሎም፣ ድመት ኪቦርድ ላይ ስትሄድ የጻፈችው የሚመስል ረጅም የፊደልና የቁጥር ድርድር ተሰጠን፤ የእኛ ፋይል አሻራ ከዚህ ጋር ፊደል በፊደል ከገጠመ አልተነካም ማለት ነው። የእኛን ፋይል አሻራ ለማግኘት ግን ጥቁር መስኮት ከፍተን ትእዛዝ መጻፍ ነበረብን። ጻፍኩ። መስኮቱም፣ ፋይሉ ዓይኔ ሥር ተጎልቶ እያለ፣ እንዲህ ያለ ፋይል አላውቅም አለኝ።

ሁለተኛ፦ በስንት ልመና አሻራው ሲወጣ፣ ከገጹ አሻራ ጋር በዓይናችሁ አመሳክሩ ስላሉን እናመሰግናለን። የወንድሜ ልጅ የሙያዋ ዘዴ አላት፤ ሁለቱን አሻራዎች በትልልቁ አትማ፣ አንዱን ወረቀት በሌላው ላይ ደርባ፣ የመስኮት መስታወት ላይ በብርሃን ዘረጋቻቸው። መጀመሪያው ልክ ገጠመ፤ መሃል ሲደርስ ፊደል ፊደል ላይ ተሳፈረ። ተበርዟል ብለን በአንድ ድምፅ ፈርደን፣ ወረቀቶቹን ቀደን፣ ቀኑን ሙሉ ሲንፏቀቅ የወረደውን ፋይል ደመሰስነው። ፕሪንተሯ ወረቀት አጣሞ እንደሚስብ ትዝ ያለን ከዚያ በኋላ ነው። ሟቹ ፋይል ጤነኛ ይሁን በሽተኛ የሚነግረን የለም። እሷ ግን «ጋሼ፣ አንተ ሬዲዮህን ብትጠግን አይሻልም?» ከማለት በቀር ክፉ አልተናገረችኝም።

ሦስተኛ፦ ለጀማሪ የሚሆን፣ ትእዛዝ የማያስጽፍ፣ በመስኮትና በቁልፍ ብቻ የሚሠራ ማመሳከሪያ እንዳለ ከገጽዎ ግርጌ ሳነብ እልል ልል ምንም አልቀረኝም። ፋይሉን መርጦ አሻራውን መለጠፍ ነው፤ ከገጠመ አረንጓዴ፣ ካልገጠመ ቀይ ይላል። የት ይገኛል ብል፣ ሥርዓቱን ከጫኑ በኋላ እዚያው ውስጥ ያገኙታል! ለአሮጌው ሥርዓታችን የሚስማማም ሌላ ማመሳከሪያ አለ፤ እሱ ግን ራሱ መውረድ አለበት፣ ከሥሩም የገዛ አሻራው ተጽፎ፣ ያንኑ ቀይ ምክር ደግመውልናል። ዘበኛ ልቀጥር ብል ለዘበኛው ዋስ፣ ለዋሱም ሌላ ዋስ አምጣ እንደ መባል ነው።

አሁን እንደገና ያወረድነው ፋይል ሳይረጋገጥ ፍላሽ ላይ ተቀምጧል። ደንበኞቿ ማዶ ወዳለው ጸሐፊ መሻገር ስለጀመሩ፣ የወንድሜ ልጅ የመጣው ይምጣ ብላ ነገ ጠዋት ልትጭነው ቆርጣለች። ተይ እንዳልላት እንጀራዋ ነው፤ ጫኚው እንዳልላት የሰው አደራ ነው። ምክር በማብዛት የምታወቀውን አጎት «እኔ እንጃ» ብቻ የሚል ሰው ስላደረጉኝ ውለታዎን በምን እከፍላለሁ?

የታዘዘውን ሁሉ የፈጸመ፣ ምን እንደፈጸመ ግን እስካሁን ያልገባው፣ የክቡርነትዎ ታዛዥ፣
የጸሐፊዋ አጎት

ይድረስ ካልኩ በኋላ ያስታወስኩት፦ ይህን ደብዳቤ በገጽዎ በኩል ልልክ ስል፣ አስቀድሜ እውነተኛ ሰው መሆኔን እንዳረጋግጥ ተጠየቅሁ። ብስክሌት ያለባቸውን ሥዕሎች በጣቴ ነካ ነካ ሳደርግ ወዲያው አለፍኩ። እርስዎ እኔን የሚያረጋግጡበት ቀላል ባለሥዕል መሣሪያ አለዎት ለካ።