ሳትረጥብ የተሰጣችው አህያ

ይድረስ፤ ስትደውይ መጀመሪያ «እማዬን አገናኘኝ» ለምትይው፣ እኔ ግን ለማልቀየማት ልጄ።

እንዴት ነሽ? ጤናሽስ? ስጎነበስ ይይዘኛል ያልሽው ወገብ ለቀቀሽ፣ ወይስ አሁንም በዕድሜ ልትበልጪኝ ትሞክሪያለሽ? ባለቤትሽ ደህና ነው? ትንሹስ ትምህርት ቤቱን ለመደ? እንቅልፍ በቅጡ ትተኛለሽ? ምግብ በሰዓቱ ትበያለሽ? ይህን ሁሉ ጠይቃት ያለችኝ እናትሽ ናት። የኔ ጥያቄ አንድ ብቻ ነው፤ እሱንም መጨረሻ ላይ ነው የማመጣው። እንደ እናትሽ ቸኩለሽ ወረቀቱን እንዳትገለብጪ፣ በተራው ይደርሳል።

እኛ በጣም ደህና ነን። እናትሽ ደህና መሆኗን የማውቀው ቀኑን ሙሉ ስለምትቆጣኝ ነው። የኔም ጉልበት ደረጃ ስወጣ ይጮሃል እንጂ ሌላ ስሞታ የለውም። ከቤታችን ሥር ያለው ጸጉር አስተካካይ ሰላም ብሎሻል። ራሴ ላይ የቀረውን ጸጉር አይቶ በግማሽ ዋጋ ሊቆርጠኝ ሲገባ፣ «ፈልጎ ማግኘቱ ያደክመኛል» እያለ ሙሉውን ይቀበለኛል።

አሁን እኛ ጋ ወደምትኖረው ትልቋ ልጅሽ ልምጣ። ባለፈው በስልክ ድምፅዋ ለምን ቀዘቀዘብኝ ብለሽ እናትሽን ጠይቀሽ ነበር። እናትሽ ጉንፋን ነው ብላ ሸፈነችልሽ፤ ጉንፋን አልነበረም። የምታስተምርበት ትምህርት ቤት ርዕሰ መምህርት፣ አንደኛ ክፍሎች በየቀኑ ሥዕል ያለበት መጽሐፍ የሚያዩበትን ሰዓት ልታጥፈው ነበር። ሴትዮዋ ክፉ አይደለችም። ወገቧ ላይ የቁልፍ ዘለላ ስላላት ስትራመድ ትንኳኳለች፤ ልጆቹም በድብቅ እትዬ ቁልፍ ይሏታል። ለልጅሽ «ይሄ ጨዋታ ነው እንጂ ትምህርት አይደለም፤ አንድ ሳምንት ሰጥቼሻለሁ» አለቻት። ዓርብ መጥታ ልታይ፣ ልጆቹ ማንበብና ማሰብ ካልታየባቸው መጽሐፎቹ ቁም ሣጥን ውስጥ ሊቆለፍባቸው፣ ሰዓቱም ለጥቁር ሰሌዳ ሊመለስ ነው። ለዚህ ነበር ድምፅዋ የቀዘቀዘው። መምህርት ሆና ገና የመጀመሪያ ዓመቷ አይደል፤ አንቺ የላክሽላትን መጽሐፎች ሁሉ ለክፍሉ ሰጥታ፣ እነሱ ሲቆለፍባቸው ማየት ለሷ ቀላል አልነበረም።

የምግብ ጠረጴዛችን የሷ ሆነ። አንድ ትልቅ ወረቀት ዘርግታ ሳምንቱን ማቀድ ጀመረች፤ እኛም ሳህናችንን ጭናችን ላይ አድርገን በላን። ልጆቹን ከሁሉ የምትወዱት መጽሐፍ የትኛው ነው ብላ ብትጠይቃቸው፣ የመረጡት ምን ይመስልሻል? አዲስ የላክሻቸውን እንዳይመስልሽ። የመረጡት ያንቺን፣ የልጅነትሽን፣ ከአሮጌ መጽሐፍ ሻጭ የገዛሁልሽን፣ እንቅልፍ እምቢ ያላትን አህያ ነው!

ታስታውሻታለሽ። ጋጣዋ ውስጥ አይጦች እያንኮራፉ አላስተኛ ይሏትና ትወጣለች። ጀልባ ላይ ልተኛ ስትል ጀልባው ቀዳዳ ኖሮት ወንዝ ውስጥ ትገባለች። ልብስ አጣቢዋ ትጎትታትና ውኃዋ እስኪንጠፈጠፍ ማስጫ ገመድ ላይ በመቆንጠጫ ታሰጣታለች። ከዚያ ነፋስ ይመጣና ከገመዱ አንስቶ የዳቦ ጋጋሪው ጣሪያ ላይ ያሳርፋታል። እዚያም ሙቀቱ ይበዛባትና ትወርዳለች። የመጨረሻዋ ገጽ፣ በስተመጨረሻ የት እንደተኛች የምትናገረዋ፣ ከገዛሁት ጀምሮ የለችም። መጨረሻውን ከአፌ የምጨምርልሽ እኔ ነበርኩ።

በዕቅዱ ላይ እኔም አስተያየቴን አልነፈግኳትም። «ሰኞ ልጆቹን ሁሉ አስተኚያቸው፣ አህያዋ ያቃታትን እነሱ ያሳዩሽ፤ አንቺም አረፍ ትያለሽ» አልኳት። በእርሳሷ ጫፍ ጠረጴዛውን መታ መታ አድርጋ «አባባ፣ ወይ አግዘኝ ወይ ሬዲዮህን ስማ» አለችኝ። አፏ ያንቺው ነው፣ ከሌላ አላመጣችውም። እናም ሰኞ የመጽሐፉን ሽፋን ብቻ አሳይታ ውስጡ ምን ይኖራል ብላ አስገመተቻቸው። ማክሰኞ የየገጹን ድምፅ እንዲያወጡ አደረገች፤ ክፍሉ ሙሉ አይጥ በአንድ ላይ ሲያንኮራፋ የትምህርት ቤቱ ጥበቃ ምን ፈረሰ ብሎ እየሮጠ መጣ አሉ። ለረቡዕ እኔ ከተረፈ ግራጫ ገበር ለሁሉም የአህያ ጆሮ ሰፋሁላቸው። ክፍላቸው ድረስ ሄጄ በሜትሬ የያንዳንዱን ራስ ለካሁ፤ አንዷ «ለምን አንዱ ጆሮ ወደቀ?» ብትለኝ «ወሬ የምትሰማበት እሱ ነው፣ ደክሞት ነው» አልኳት። ሐሙስ እያንዳንዱ ልጅ እንቅልፍ እምቢ ሲለው የት መተኛት እንደሚወድ ሣለ። አንዱ እኔ የማላውቀውን ትልቅ ሆድ ሣለና የአባቱ መሆኑን ነገራት።

ዓርብ መጽሐፉን ከዳር እስከ ዳር የማነበው እኔ እንድሆን ተወሰነ። ግን መጽሐፉ ከመወደዱ ብዛት እያንዳንዱ ገጽ ለየብቻው ወጥቶ ነበር። «አባባ፣ እባክህ ስፋልኝ» አለችኝ። እዚህ ላይ ነው እንግዲህ ጉዱ። ገጾቹ ቁጥር የላቸውም፤ አንዱ ፊት ሥዕል፣ ጀርባው ጽሑፍ ነው። ሌላ ሰው ቢሆን መነጽሩን አድርጎ ያነብ ነበር። እኔ ዕድሜ ልኬን ልብስ ሰፊ ነኝ፤ ቁርጥራጭ ነገር ፊቴ ሲቀመጥ እጄ የሚያደርገው አንድ ነገር ነው፣ ቀለምን ከቀለም ማጋጠም። ሰማያዊውን ከሰማያዊ፣ ቢጫውን ከቢጫ፣ ቡናማውን ከቡናማ አድርጌ በጠንካራ ክር ገጣጠምኩት። ከጎን ስታዪው እንደ ጥሩ ብርድ ልብስ ያምር ነበር። እናትሽ አገላብጣ «አንብበኸዋል?» አለችኝ። «መቶ ጊዜ!» አልኳት። እውነቴን ነው፤ ያነበብኩት ግን አንቺ ሕፃን ሳለሽ ነው።

ዓርብ ደረሰ። ካፖርቴን ለብሼ፣ ጢሜን ተላጭቼ ሄድኩ። ልጆቹ ጆሯቸውን አጥልቀው ምንጣፍ ላይ ተቀምጠዋል። እትዬ ቁልፍ የልጅ ወንበር ላይ ተቀምጣ ጉልበቷ አገጯ ሊደርስ ነው። ልጅሽ ግድግዳውን ተደግፋ እጇን ታሻሻለች። እኔ ጉሮሮዬን ጠርጌ ጀመርኩ። ጋጣውና አይጦቹ በሰላም አለፉ። ቀጥዬ ስገልጥ አህያዋ ገመድ ላይ ተሰጥታ ትንጠባጠባለች። ድምፄን ከፍ አድርጌ አነበብኩት። የፊት ጥርሶቿ የወለቁት አንዲት ልጅ ብድግ አለችና «አባባ፣ አህያዋ መች ረጠበችና ነው የተሰጣችው?» አለችኝ።

እጅ አልሰጥም አልኩ። «ሰው ሳይረጥብ አይሰጣም እንዴ?» ብላት «አህያ ናት እኮ፣ ሰው አይደለችም!» አለችኝ። ስገልጥ ጣሪያው ላይ ናት። ስገልጥ ነፋሱ ገና ይመጣል። ስገልጥ ጀልባዋ ውስጥ ገብታ ልትተኛ ነው። በቃ ክፍሉ ተናወጠ። «አይደለም!» «ተሳስተሃል!» «ወደኋላ መልሰው!» ጆሮ ሁሉ ተነሣ። በዚህ መሐል ቁልፎቹ ሲንኳኩ ሰማሁ፤ እትዬ ቁልፍ ተነሥታለች። የልጅሽን ፊት ባየሁ ጊዜ ቀልዴ ሁሉ ጠፋብኝ። ሳምንቱን ሙሉ የለፋችበትን በአንድ ክር ያበላሸሁባት መሰለኝ።

እሷ ግን ያንቺ ልጅ ናት። ቀጥ ብላ መጥታ «አባባ፣ መቀስህን» አለችኝ። ከኪሴ አውጥቼ ሰጠኋት፤ የራሴን ስፌት በራሴ መቀስ ፊቴ ተረተረችው። ለሐሙስ ሥዕሎች ያመጣችውን መቆንጠጫና ገመድ አውጥታ ገመዱን ከግድግዳ ግድግዳ ወጠረችና ገጾቹን ለልጆቹ አድላ «አባባ አዘባርቆባችኋል። የትኛው ይቀድማል? ለምን? እያነበባችሁ አስረዱኝ» አለቻቸው። ምን ልበልሽ! አንዱ የገጹን ጀርባ በጣቱ እየተከተለ ያነባል፣ ሌላው ይከራከረዋል፣ ያኛዋ ልጅ ፊደል ሲጠፋባት ጎረቤቷን ትጠይቃለች። ገመዱ ስለራቀባቸው ጥርሰ ወላቃዋ ሄዳ «እትዬ፣ አንቺ ረጅም ነሽ» ብላ መቆንጠጫውን አስጨበጠቻት። ሴትዮዋም እየተንኳኳች ትሰቅል ጀመር። አንዷን ገጽ ብትሰቅል «እትዬ፣ ነፋሱ የመጣው ከተሰጣች በኋላ ነው!» ብለው ጮኹባት። ገልብጣ፣ ከንፈሯን እያንቀሳቀሰች አነበበችና «ልክ ናችሁ» ብላ አወረደችው። ከቁልፎቿ መሐል የቁም ሣጥኑን ቁልፍ ፈትታ ለልጅሽ ሰጠቻት፤ ሰዓቱ ዓመቱን ሙሉ ይቀጥላል። ስትወጣ ማን እንዳጠለቀላት እንጃ፣ ራሷ ላይ የአህያ ጆሮ ነበር፤ እኛም አልነገርናትም።

አሁን ጥያቄዬ። ገጾቹ ሁሉ ተሰቅለው ሲያልቁ ገመዱ ጫፍ ላይ አንድ መቆንጠጫ ባዶዋን ቀረች። «እሺ፣ በመጨረሻ የት ተኛች?» አሉኝ። ያን ሁሉ ዘመን የነገርኩሽ መጨረሻ ከራሴ ላይ ጠፍቷል። ጸጉር አስተካካዩ ወንበር ላይ ተኛች ብላቸው «ከራስህ ነው የፈጠርከው!» ብለው ገፉኝ። እናትሽን ብጠይቃት «እኔ መጨረሻው ሳይደርስ ነበር እንቅልፍ የሚወስደኝ» አለችኝ። አንቺ ግን አንዲት ቃል ስለውጥብሽ ከሞቀ እንቅልፍሽ ነቅተሽ የምታርሚኝ ልጅ ነበርሽ። እንደነገርኩሽ አድርገሽ ጻፊልን፤ ልጅሽ ሥዕሉን ልጆቹ እንዲሥሉት ታደርግና ትሰቅለዋለች። ከአፌ የሰማሽውን እኔም ከአፍሽ ልስማው።

ባለቤትሽን በጣም ሰላም በይልኝ፤ ሱሪውን ማሳጠር ከፈለገ ይላክልኝ፣ ቀለሙን አላጋጥምም። ትንሹን ጉንጩን ሳሚልኝ፤ ግራጫ ጆሮ ሰፍቼለት ከዚህ ደብዳቤ ጋር ልኬለታለሁ፣ አንዱ መውደቁ ሆን ተብሎ ነው። እናትሽ ናፍቆቷን ልካለች፤ በስልክ ደግሞ ራሷ ትጨምርበታለች። ልጅሽ ቁልፉን አንገቷ ላይ አስራ ሳምልኝ ብላኛለች። ጸጉር አስተካካዩ ወንበሩ ስላልተመረጠ ትንሽ ቅር ብሎታል፣ ቢሆንም ሰላም ይልሻል።

ብቻ አትዘግዪብን ልጄ፤ አህያዋ እስካሁን አልተኛችም።

አባትሽ
ከስፌት መኪናው አጠገብ፣ ቅዳሜ ረፋድ ላይ